በሰዓቱ የደረሰው አሥራ አራት ቁጥር

አሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስ በሰዓቱ ደርሶ አያውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በመናኸሪያው መዝገብ ላይ፣ በእያንዳንዱ ቀን ትይዩ «ዘግይቷል» የሚል ቀይ ማኅተም ተመትቶበታል። ማኅተሙ ከመመታት ብዛት ፊደሉ ተበልቶ አሁን አሁን የሚነበበው «ዘግ» ብቻ ነው፤ ቀሪውን ለመገመት ግን ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ሠላሳ አንዱንም ዓመት የነዳው አንድ ሰው ነው። ተሳፋሪው ከየአቅጣጫው እየሮጠ «ጋሼ፣ ቆይ! ቆይ!» ሲለው ስለኖረ ስሙ ጋሼ ቆይ ሆኖ ቀርቷል። እሱም ይቆያል። ዳቦ ጋጋሪዋ የክንዷን ዱቄት ሳታራግፍ ስትሮጥ ካያት ይቆያል። የሒሳብ መምህሩ የፈተና ወረቀት እያንጠባጠበ ሲመጣ ይቆያል፤ ወርዶም ወረቀቱን አብሮ ይለቅማል። አንድ ጊዜማ ከሩቅ የሚሮጥ ሰው አይቶ ሦስት ደቂቃ ሙሉ በሩን ከፍቶ ሲጠብቅ፣ ሰውዬው አጠገቡ ደርሶ ዘወር እንኳ ሳይል አልፎት ሄደ። ለካ ለጤናው ነበር የሚሮጠው።

መቆየቱን ግን እንደ ደግነት ቆጥሮት አያውቅም። እንደ ሕመም ነው የሚቆጥረው። እግሩ ነዳጅ ሊረግጥ ይነሣል፣ ዓይኑ ስፖኪዮው ላይ አንድ የሚሮጥ ነገር ያያል፣ በቃ፣ እግሩ ይከዳዋል። መናኸሪያ ሲገባ ተቆጣጣሪዋ ማኅተሟን አንሥታ «ዛሬስ ምን ገጠመህ?» ትለዋለች። «መንገዱ ተዘጋግቶ» ይላታል። እሷም ትመታለች። በዚህ ሁኔታ ሳይጣሉም ሳይተማመኑም አረጁ።

እቤቱ ግን ሌላ ሰው ነው። ሳሎኑ ጥግ፣ በባለቤቱ የስፌት መኪናና በመስኮቱ መሀል፣ ልጁ ስታገባ ትታው የሄደችው ኮምፒውተር አለ። በእሱ ላይ ባቡር ይነዳል። ጌም ነው፤ እሱ ግን ጌም ሲሉበት ፊቱ ይቀየራል። «ሲሙሌተር ነው» ይላል፤ «ጌም የልጆች ነው።» በእውኑ ዓለም ባቡር ተሳፍሮ አያውቅም፤ ከተማው ሐዲድ የሚባል ነገር የለውም። በኮምፒውተሩ ላይ ግን በበረዶ ውስጥ ጭነት ጎትቷል፣ በተራራ ሆድ ውስጥ አልፏል፣ ድልድይ ላይ በጭጋግ ተጉዟል፤ ግማሽ ደቂቃ እንኳ ዘግይቶ አያውቅም። እዚያ ማንም «ጋሼ፣ ቆይ» አይለውም። ተሳፋሪዎቹ ቀድመው መጥተው እንደ ተተከለ እንጨት ቀጥ ብለው ይጠብቁታል። በዚያ ኮምፒውተር ፊት ጋሼ ቆይ የሚባል ሰው የለም።

ታዲያ ከስምንት ወር በፊት ጌሙን የሚሠራው ድርጅት አንድ ማስታወቂያ አወጣ። አዲስ መስመር ሊመጣ ነው። የጃፓን። ጠዋት ሠራተኛውን ከከተማ ዳርቻ ወደ መሀል አምጥቶ ማታ የሚመልስ፣ ባለ አሥራ ስምንት ጣቢያ። መዘግየት የሚቆጠረው በሰከንድ ነው፤ አሥራ አምስት ሰከንድ ያሳለፈ ሹፌር ነጥቡ ይቀነሳል። ከታች በትንንሽ ፊደል «እየሮጡ የሚመጡ ተሳፋሪዎችም ተጨምረዋል» ይላል፤ እሷን ዝም ብሎ አለፋት። የቀረውን ሦስት ጊዜ አንብቦ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«በሰከንድ!» አለ ለባለቤቱ።

ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት። ስፒል በከንፈሯ ይዛ ስለነበር «እህም» ከማለት በቀር የምትጨምረው አልነበራትም።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ያ ቤት ጃፓን ሆነ። የዚያ አገር የባቡር ሹፌሮች አሠራር አላቸው፤ ነጭ ጓንት ያጠልቃሉ፣ መብራት ባዩ ቁጥር በጣታቸው እየጠቆሙ ያዩትን ጮክ ብለው ይናገራሉ። እጅና አፍ አብረው ከሠሩ ዓይን አይሳሳትም ነው ነገሩ። ጋሼ ቆይ ይህን ሲያነብ ጮቤ ረገጠ። ጠዋት ከቤት ሲወጣ ወደ ምድጃው ይጠቁምና «ምድጃ፣ ጠፍቷል!» ይላል። ወደ ቧንቧው ይዞርና «ቧንቧ፣ ተዘግቷል!» ይላል። ወደ ባለቤቱ ይጠቁምና «ባለቤት፣ አለች!» ይላል።

«እሰይ፣ እንኳን አየኸኝ» ትለዋለች።

ብታሾፍበትም ከሙሽራ ቀሚስ ትርፍራፊ ነጭ ጓንት ሰፍታለታለች። የቀኝ እጁን ጠቋሚ ጣት ጨርቁን ደርባ ነው የሰፋችው፤ «ብዙ የሚሠራው እሱ ነው፣ ቶሎ ያልቅብሃል» ብላ።

መስመሩ ግን አልመጣም። የተባለው ቀን ሲደርስ በምትኩ ደብዳቤ መጣ፤ «ለተፈጠረው መዘግየት ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ በትዕግሥት ስለጠበቁን እናመሰግናለን።» ሁለት ወር ተራዘመ። ሁለት ወሩ ሞላና ሌላ ደብዳቤ፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ። ሰከንድ የማይስተው ባቡር ወር በወር ላይ እየደረበ ዘገየ። አውቶቡሱ በየቀኑ በምትዘገያት አሥራ ሦስት ደቂቃ እንቅልፍ የሚያጣው ሰውዬ፣ ለዚህኛው ሲሆን ሆደ ሰፊ ሆነ።

«ፍጹም ነገር ጊዜ ይወስዳል» አለ።

«እንደዚያ ከሆነ ካንተ አውቶቡስ የበለጠ ፍጹም ነገር የለም» አለችው።

በመጨረሻ ቁርጥ ያለ ቀን ተነገረ። ዓርብ፣ አመሻሽ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት። ጋሼ ቆይ ቀን መቁጠሪያውን አየና ሁለተኛ አየው። ያቺ ዓርብ እሱ ጡረታ የሚወጣባት፣ የመጨረሻዋ የሥራ ቀኑ ናት። አሥራ አራት ቁጥር መናኸሪያ የምትገባው፣ በጊዜ ሰሌዳው ከሆነ፣ አሥር ሰዓት ከሃምሳ ነው። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ ልቡ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ፤ አንዲት ቀን። ከሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንዲት ጉዞ በሰዓቱ። አንድ ሌላ ማኅተም መዝገቡ ላይ። ከዚያ ወደ ቤት፣ ወደ ጃፓን።

ሐሳቡን ለማንም አልተናገረም። ሰኞ ዕለት ግን ባለቤቱ የስፌት መኪናዋን አቁማ «አንድ ነገር ልለምንህ» አለችው። በሃያ ሰባት ዓመት ትዳር ውስጥ ነገር እንዲህ ብላ ጀምራ ስለማታውቅ ደነገጠ።

«የዓርቡን የመጨረሻ ጉዞ አብሬህ ልሂድ» አለች። «ከዳቦ ቤቱ ፌርማታ እሳፈራለሁ። እንደ ድሮው።»

እንደ ድሮው ማለቷ ይህ ነው። ከመጋባታቸው አንድ ዓመት በፊት፣ ከዚያው ፌርማታ፣ አንድ ጫማዋን በእጇ ይዛ የምትሮጥ ልጅ እግር ልብስ ሰፊ በስፖኪዮ አየና አራት ደቂቃ ቆመላት። አርባ ተሳፋሪ አጉረመረመበት። እሷ ገብታ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ «እንዲህ የሚጠብቅ ሰው አይቼ አላውቅም» አለችው። በነጋታው ሮጣ መጣች። በሦስተኛውም ቀን። ዓመቱን ሙሉ እሷ ስትሮጥ፣ እሱ ሲቆይ፣ ተጋቡ።

«እጠብቅሻለሁ» አላት። «አሥር ሰዓት ከሃያ ሁለት።»

«አሥር ሰዓት ከሠላሳ አምስት ማለትህ ነው።»

«ከሃያ ሁለት!»

ሳቀች። መሳቋ አንጀቱን አቃጠለው፤ ሐሳቡም ያን ጊዜ ድንጋይ ሆነ።

ከጀርባው ሕዝቡም ሲዶልት ነበር የሰነበተው። ተሳፋሪው ሁሉ ዓርብ በየፌርማታው አበባ ይዞ ሊሳፈር፣ መናኸሪያ ሲደርሱ ሊያጨበጭብለት ተማክሯል። የሒሳብ መምህሩ የጋሼ ቆይን የመዘግየት አማካይ አስልቶ፣ አሥራ ሦስት ደቂቃ መሆኑን አረጋግጦ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የሚወጣበትን ሰዓት ጽፎ አደለ። ስሌቱ እንከን አልነበረበትም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ልክ አሥር ሰዓት ላይ፣ ጋሼ ቆይ መነሻው ፌርማታ ላይ ጓንቱን አጠለቀ። «በር፣ ተዘግቷል! ሰዓት፣ ትክክል!» አለ። ከኋላ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ እንቅልፉን የሚለጥጥ፣ አንዷ ደግሞ አሥራ ስድስት ቁጥር መስሏት የገባች። ተነሣ።

የመጀመሪያው ፌርማታ ባዶ ነው። ሁለተኛውም ባዶ። ሠላሳ አንድ ዓመት ወደ ኋላ የጎተተው ሕዝብ ድንገት ከመሬት ጠፋ፤ እሱም ዕድሉን አመሰገነ። ትምህርት ቤቱ ጋ ሲደርስ ማንም የለም። ሲነሣ ግን በስፖኪዮ የሒሳብ መምህሩን አየው፤ አበባ አቅፎ፣ ሰዓቱን እያየ፣ ልቡ የሞላ ሰው አረማመድ እየተራመደ ከበሩ ሲወጣ። አውቶቡሱን ሲያይ አበባው ከእጁ ወደቀ።

የጋሼ ቆይ እግር ፍሬን ላይ ሊሄድ ቃጣው። ወዲያው ጣቱን ወደ ስፖኪዮው ቀሰረና «ስፖኪዮ፣ ንጹሕ!» አለ። ንጹሕ አልነበረም። አፉ ግን ብሏል፣ እግሩም አፉን ሰማ። ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩ አልከዳውም፤ ደስታው ሌላ ነው።

ዳቦ ቤቱ ፌርማታ የደረሰው አሥር ሰዓት ከሃያ አንድ ከሠላሳ ሰከንድ ላይ ነው። በሩን ከፈተ። ፌርማታው ላይ ዝር ያለ የለም። ዳቦ ጋጋሪዋ በመስኮቷ ውስጥ ገና ሽርጧን እየፈታች ነው። ባለቤቱ የለችም። ሰዓቱን አየ፤ አሥር ሰከንድ፣ ሃያ፣ ሃያ አምስት። ያን ጊዜ ከመድኃኒት ቤቱ ጥግ አንዲት ሴት ብቅ ብላ መሮጥ ጀመረች። በአንድ እጇ የኬክ ካርቶን ይዛለች። በሌላው እጇ ጫማ።

«አላየኋትም» ብሏል በኋላ ለጠየቀው ሁሉ። «ፀሐዩ ስፖኪዮው ላይ አንጸባረቀብኝ።» እኔ ግን ልንገራችሁ፣ አይቷታል። በከተማው አርባ ስድስት ሺህ ሕዝብ መሀል ጫማዋን በእጇ ይዛ የምትሮጥ አንዲት ሴት ናት ያለችው። አምስት ሰከንድ ቀርቶታል። እሷ ለመድረስ ሃያ ያስፈልጋታል። እንዲህ ያለ ስሌት በሕይወቱ ሠርቶ አያውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን በቅጽበት ወጣለት። በእሷው ጓንት፣ ድርብ በተሰፋው ጣት፣ ወደ ስፖኪዮው ጠቆመ።

«ስፖኪዮ፣» አለ፤ አፉ ትንሽ ተያዘ። «ንጹሕ።»

ነዳጅ ረገጠ።

መናኸሪያ የገባው አሥር ሰዓት ከሃምሳ፣ ከዜሮ ሰከንድ ላይ ነው። ተቆጣጣሪዋ መስኮቷ ላይ ሻይ ይዛ ነበር፤ ሰዓቷን አንሥታ ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው፣ ቆሞ እንደሆን ለማረጋገጥ። ከዚያ «በሰዓቱ» የሚለውን ማኅተም ፍለጋ መሳቢያ በመሳቢያ አገላበጠች። ሲገኝ ጎማው አዲስ ነው፤ ያረፈበት ቀለም ግን ደርቋል። እፍ እፍ ብላ፣ ምራቋን ነካ አድርጋ፣ በሁለት እጇ ተጭና መታችው።

«እንኳን ደስ ያለህ» አለችው። ወደ አውቶቡሱ አየች። አንደኛው ተኝቷል፣ አንደኛዋ መንገድ መሳቷን እየተናገረች ታለቅሳለች። «ሕዝቡስ የታል?»

«የምን ሕዝብ?»

ተቆጣጣሪዋ አበባውን፣ ጭብጨባውን፣ መምህሩ ያደለውን ወረቀት ሁሉ ዘረገፈችለት። ጋሼ ቆይ ክው አለ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አውቶቡስ ጠበቀ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቀጣዩ አውቶቡስ እስከ አፉ ሞልቶ ደረሰ። ሕዝቡ አበባውን ቁልቁል ይዞ ወረደ። ጥቂቱ አጨበጨበ፤ ማጨብጨቡ ግን ለቅሶ ቤት እንደ መሳቅ ሆነና ቶሎ ቆመ። የሒሳብ መምህሩ ትከሻውን መታ አድርጎ «ስሌቱ ልክ ነበር፤ አንተ ነህ የተሳሳትከው» አለው። ባለቤቱ የመጨረሻዋ ወራጅ ናት። ጉልበቷ አቧራ ነክቶታል፣ የጫማዋ ማሰሪያ ተበጥሷል፣ ካርቶኑ በአንድ በኩል ተጨፍልቋል። ካርቶኑን ለተቆጣጣሪዋ ሰጠቻት።

«ለሠራተኛው አካፍዪው» አለች። እሱን ቀና ብላ አላየችውም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጋሼ ቆይ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ደብዳቤ ጠበቀው። «ለተፈጠረው መዘግየት ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።» ለእሑድ ጠዋት ተራዝሟል። ስምንት ወር ሙሉ ያደነቀው ትሕትና ያን ምሽት አንገሸገሸው። ከጎኑ የስፌት መኪናዋ አልተንቀሳቀሰችም። ባለቤቱ ከፊቷ ጨርቅ ዘርግታ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

ለመዘግየት ብዙ ዓይነት ይቅርታ ያውቃል። ለዚህኛው ግን የተዘጋጀ ቃል አልነበረውም።

«ስላልዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ።

«ስንት ሰከንድ ነበር የቀረህ?» አለችው፤ ድምፅዋ ለስላሳ ነው።

«አምስት።»

«እኔስ ለመድረስ ስንት ያስፈልገኝ ነበር?»

«ሃያ» አለ፤ ቃሉ ካፉ እንደወጣ ሊመልሰው ፈለገ።

«ፀሐዩ እንዲህ አጥርቶ ያሳያል እንዴ?» አለችና ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ቅዳሜን ሙሉ ከ«ምሳ ቀርቧል» በቀር ቃል አልተነፈሰችም። እሱም ምድጃው ጋ ሲያልፍ ጣቱን አላነሣም። ጓንቱ የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦ ዋለ፤ ማንም አልነካው።

እሑድ ጠዋት መስመሩ መጣ። ጋሼ ቆይ ማስታወቂያውን አየና ኮምፒውተሩን ሊዘጋው እጁን ዘረጋ።

«ክፈተው እንጂ» አለች ባለቤቱ ከበሩ። «ስምንት ወር የጠበቅከው ነው። መጠበቅ እንደሁ ለሱ ታውቅበታለህ።»

የእሷን ቃል ላለመተላለፍ ብቻ ከፈተው። የተባለው ሁሉ እውነት ነው። ሐዲዱ፣ ደረጃው፣ የመስታወቱ ላይ ነጠብጣብ ሳይቀር። የመጀመሪያው ጣቢያ ላይ ምልክቱ ላይ ልክ ቆመ። በሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ጣቢያ ላይ በሩን ከፈተ፣ ሕዝቡ ገባ፣ ሊዘጋ ሰከንዶች ሲቀሩት ከወፍራሙ ዓምድ ኋላ አንዲት ሴት ቦርሳዋን አቅፋ መሮጥ ጀመረች። በትንንሽ ፊደል የተጻፈችው ነገር ትዝ አለችው። ጣቱ የበሩ ቁልፍ ላይ ነው። ባለቤቱ የሻይ ብርጭቆ ይዛ ከጀርባው ቆማለች፤ ትንፋሿ ይሰማዋል።

«ዘግይታለች» አለ፤ ለማን እንደሚናገር እሱም አያውቅም።

«አልዘገየችም» አለች ባለቤቱ።

«እንዴት?»

«ከዓምዱ ኋላ ቆማ ነበር። በሩ እስኪከፈት ጠብቃ ነው የሮጠችው።»

«ምን አስቆማት?»

«ሹፌሩ ሲጠብቃት ማየት ትወዳለች።»

ጋሼ ቆይ ዞሮ አያት። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ዓርብ ዕለት ከመድኃኒት ቤቱ ጥግ አሥር ሰዓት ከአሥር ላይ ደርሻለሁ» አለች። «በሰዓቱ እመጣለሁ ስትል አምኜህ ነበር፤ የሳቅሁት ደስ ብሎኝ ነው። ጫማዬን ያወለቅሁት አንተን ሳይ ነው።»

«ያኔስ?» አላት። «ዓመቱን ሙሉ?»

«የመጀመሪያው ቀን እውነት ዘግይቼ ነበር» አለች። ፊቷ ላይ ሊመጣ የቃጣውን ነገር ለመሸሸግ ወደ መስኮቱ ዞረች። «የመጀመሪያው ቀን ብቻ።»

እስክሪኑ ላይ ቀይ ቁጥር መቁጠር ጀምሯል። አሥራ አምስት። ሃያ። ሃያ አምስት። ሴትዮዋ ቢጫው መስመር ጋ ደርሳ እዚያው ባለችበት ትሮጣለች፤ የሠሯት ሰዎች ሹፌር ይጠብቃታል ብለው ስላላሰቡ መግቢያውን አላስተማሯትም። በሩ ግን እንደተከፈተ ነው። ባለቤቱ በርጩማዋን ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አትገባም እንዴ ይቺ?»

«እንጃላት» አለ። ጣቱን ከቁልፉ ላይ አነሣ። «ዘግይተዋል» የሚል ጽሑፍ እስክሪኑን ሞላው፤ ነጥቡም ዜሮ ገባ። ጋሼ ቆይ በባዶ እጁ፣ ያለ ጓንት፣ ጣቱን ቀስ አድርጎ ወደምትሮጠው ሴት ዘረጋና ያየውን ተናገረ።

«አለች» አለ።